ቆሎ ለዘር፣ ራስ ለመሐላ

የበደለኝ ሰው ስሙ ፈለቀ ነው። ስሙን ገና ከደጃፉ የምጠራው ቂም ይዤ እንዳይመስላችሁ። ቂመኛ ሰው ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፈለቀ ማለት ከዐለት መካከል ውሃ ወጣ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቱ ስም ስታወጣለት ውሃውን ተመኝታ ነበር፤ የወጣው ግን ዐለቱ ሥር ቁጭ ብሎ «ይህ ምንጭ በዚህ አወራረዱ ገንዳ የሚሞላው በስንት ወር ነው» እያለ የሚያሰላ ልጅ ሆነ።

ስለ ማደግ የማያወራ ሰው የለም። ሱቁ አደገ፣ ንግዱ ተመነደገ፣ እገሌ ተነሣ፣ እገሌ ተመነጠቀ ይባላል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሲያድግ ያየሁት ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ የሚያድገው ከበላው ነው፤ ከጎረቤት ልጅ ግማሽ ክንድ ተበድሮ የረዘመ ልጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ንግድ ላይ ሲደርስ ግን የተማረው ሁሉ «ከውጭ ገንዘብ ካልገባ ዕድገት የለም» ይላል። የድሮ ሰዎች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ነበር። የአሁኖቹ የሰው ወርቅ አድርገው ሰርግ ይገባሉ፤ ስትጠይቋቸው ወርቁም ሰርጉም የራሳቸው ነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በኛ ቋንቋ ነጋዴ የሚነሣበት ገንዘብ ወረት ይባላል። ሳምንት ሳይሞላው የሚበርድ ፍቅርም ወረት ይባላል። ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጡት አባቶች ነጋዴም አፍቃሪም ነበሩ ማለት ነው፤ በሁለቱም ከስረዋል። ሱዳኖች ደግሞ የነጋዴን ወረት ራስ ማል ይሉታል። ይህች ራስ ማል የምትባል ቃል የዛሬው ጉዳዬ እናት ናት፤ ስለዚህ ወደ ፈለቀ ከመድረሴ በፊት እሷን ላስተዋውቃችሁ።

ኻርቱም የገባሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። አንድ መቁያ፣ አንድ ወንፊትና አንድ ጆንያ ገብስ ይዤ ዴም ሰፈር ደረስኩ። ጆንያ ስላችሁ የበሬ ጀርባ የሚሰብረውን እንዳታስቡ፤ አንዲት ሴት ማንንም ሳትለማመጥ ከቦታ ቦታ የምታንቀሳቅሰውን ነው። አረብኛዬ ከውሃና ከዳቦ አያልፍም ነበር። አንድ ክፍል ይከራያል ብለውኝ ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጅ ዑስማን ደጃፉ ላይ በገመድ አልጋ ተቀምጦ ጆንያዬንም እኔንም እያየ፣ «ዒንዲክ ራስ ማል?» አለኝ። ወረት አለሽ ወይ ማለቱ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ሁለት የኔን አገር ቃል ነው፦ ራስ፤ ማል።

በልቤ፣ እንግዲህ በዚህ አገር ቤት የሚከራይ ሰው በራሱ ይምላል ማለት ነው አልኩ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሴት «ማዪ» እንጂ «ማል» አይባልም። የአረብ አማርኛ ነው ብዬ ይቅር አልኩት። ጆንያውን አወረድኩ፣ ቀኝ እጄን አናቴ ላይ ጫንኩና በጥርት ያለ አማርኛ፣ «ኪራይህ ከቀኑ አንዲት ፀሐይ ብታልፍ ሚካኤል ይህችን ራስ ይቁረጣት!» ብዬ ማልኩ።

ሐጁ ወረቷን ሲጠይቅ ሴትዮዋ ጭንቅላቷን አሳየችው። ከገመድ አልጋው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። ሚስቱን ሐጃ ነፊሳን ከጓዳ ጠራና፣ «ይቺ ሐበሻ ወረትሽ የት ነው ብላት ጭንቅላቴ ውስጥ ነው አለችኝ!» አላት። እኔ የማልኩ መስሎኝ፣ እሱ የተራቀቅኩ መስሎት፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ያለ ሙቀደም! ሙቀደም ማለት የወራት ኪራይ ቀድሞ መክፈል ነው፤ እዚህ ከተማ ያለ እሱ በር አይከፈትም። ነገሩ የገባኝ አረብኛ ስችል ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ። እስከዚያ ድረስ ግን ስድስት ኪራይ በቀኑ ከፍዬ ነበር። መሐላ መሐላ ነው፤ ሰሚው ባይገባውም።

አሁን ወደ ፈለቀ። ከዐሥር ዓመት በፊት ከድንበር ተሻግሮ ወደ ሊቢያ አልፋለሁ ሲል ገንዘቡ ዴም ላይ አለቀበት። ሦስት ወር የገብስ ጆንያዎቼ ላይ ተኛ። ጠዋት ሲነሣ ጉንጩ ላይ የጆንያው መስመር ታትሞበት፣ የተሰመረ ደብተር ይመስል ነበር። ኋላ የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን ሰው ሁሉ ተገረመ፤ እኔ አልገረመኝም፣ መስመሩን አይቼው ነበር። ቀን ጡብ ተሸክሞ ማታ ተማረ፤ ዛሬ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰበት ይቀመጣል። እኛ ዴም መንገዱን በሰው ስም እንጠራለን፤ ዐማራት መንገዱ ሁሉ ቁጥር ነው። ልጁ አገሩን አገኘ።

የሆነው ነገር የሆነው አሮጌው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ገና መቀመጫውን ሲያስተካክል ነው። ግድግዳው ሁሉ የሞቱ ልጆች ሥዕል ሆኖ ነበር። ለዳቦ ሰልፍ፣ ለቤንዚን ሰልፍ፣ ባንክ ያስቀመጡትን የራስን ገንዘብ ለማውጣትም ሰልፍ። ፓውንዱ ጠዋት አንድ ዋጋ፣ ማታ ሌላ ዋጋ ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሐጃ ነፊሳ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ሐጁ ካረፈ ቆይቷል፤ እሷም እንደኔ አርጅታለች። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ማሳረፍ ሲያቅታት ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ያ አስካለ» አለችኝ፤ አንቺ አስካለ ማለቷ ነው፤ «ከጎንሽ ያለው ልብስ ሰፊ ለቆ ሄዷል። ልጆቼ ከባሕር ማዶ እየደወሉ ሁለቱን ክፍል ለአንድ ሰው አከራዪ፣ የስድስት ወር ሙቀደም ተቀበዪ ይሉኛል። ሁለቱንም ከያዝሽ የአንቺ ነው። ካልያዝሽ...»

«ካልያዝኩ የያዝኩትንም እለቃለሁ ማለት ነው?»

«እስከ በዓላችሁ እጠብቅሻለሁ» ብላ ሄደች። በዓላችሁ ያለችው ገናን ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት የቆላሁበት ክፍል፣ ግድግዳው የገብስ ሽታ የጠጣ ክፍል፣ ወይ በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል፣ ወይ ከእጄ ይወጣል። ሌላ ሰፈር ክፍል አይጠፋም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ጥርስም ለአፍ ይገዛል አሉ።

ጥፋቴ ምክር ፍለጋ ፈለቀን መጥራቴ ነው። መጣ፤ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ወረቴ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አራት ጆንያ አልኩት። በገንዘብ ይንገሩኝ አለ። ልጄ፣ ፓውንድ ይዋሻል ጆንያ አይዋሽም አልኩት። እኔ የምቆጥረው በጆንያ ነው፤ ዛሬ የሸጥኩት ነገ ስንት ጆንያ መልሶ ይገዛልኛል ብዬ። አራት ጆንያ ወጥቶ ሲመለስ፣ ከሰል፣ ኪራይና የራሴ ጉሮሮ ተነሥቶለት፣ አምስት ይሆናል። ሐጃ የምትፈልገው ሙቀደም የስምንት ጆንያ ዋጋ ነው። አራቱን የማልነካው እርሾ አድርጌ ላቆይ፤ እርሾዋን ጠራርጋ የበላች ሴት ነገ በምን ልታቦካ ነው? ስለዚህ አራቱ ዐሥራ ሁለት መሆን አለበት።

ቸክ ቸክ አደረገና፣ «ሰባት ወር ተኩል» አለኝ።

ልክ ነበር። በዚህ አልከሰውም። የምከሰው ቀጥሎ ባለው ነው። ዶላር በወለድ የሚያበድር ሰው አውቃለሁ አለኝ፤ እሱ መካከል ገብቶ ያስማማል፤ ለድካሙ ሸሪክ ይሆናል። ሸሪክ ማለት የንግዴ እኩል ባለቤት። ጆንያዬ ላይ የተኛ ልጅ ጆንያው ውስጥ ሊገባ ፈለገ። «ሰባት ወር ተኩሉን ሦስት ወር አደርገዋለሁ፤ ያለ ማንም ገንዘብ» ብዬ ሸኘሁት።

በሳምንቱ እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበር። ፈለቀ የዕድሩ ሒሳብ ያዥ ነው። ሪፖርቱን ጨርሶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ አስካለም ያለ ብድር ልታድግ ተነሥታለች። መቼስ ተረቱ ቆሎ ለዘር ነው!» አለ። ተረቱን ታውቁታላችሁ፦ ቆሎ ለዘር፣ እንዶድ ለድግር። የተቆላ እህል አይበቅልም፣ የእንዶድ እንጨትም የማረሻ ድግር አይሆንም ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በችግሩ ጊዜ የተሸከምኩት ሰው ሳይቀር ጥርሱን ሲያሳየኝ አየሁ። ሳቁን እንኳ ይቅር እል ነበር፤ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ቡና ቤት ያላት ዓለምነሽ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ፈለቀ ሐጃ ዘንድ ሄዶ፣ «ሁለቱን ክፍል እኔና ባልንጀራዬ ለስልክ መሸጫ እንወስደዋለን፤ አሮጊቷ ራስ ማል የላትም» ብሏታል።

ራስ ማል የላትም! ለኔ! ያውም ለሐጃ ነፊሳ!

ያን ዕለት ከሰዓት መቁያዬን ደፍቼ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ሁልጊዜ «ቀስ በቀስ» ላይ ይዘገያል። የኔ ጥያቄ፣ እንቁላሉ በስንት ቀን ነው የሚሄደው? በሃያ አንድ ቀን። ዶሮዋ ታቅፋ ከቆየች። በየመካከሉ እየተነሣች ጎረቤት የምትዞር ዶሮ ከሆነች ግን፣ እንቁላሉ አይሄድም፤ ይገማል። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ታተርፊያለሽ አይደለም፤ ገንዘብሽ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ቀን በሰው አገር ያድራል ነው።

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ገንዘቤን ለጭነት ሹፌር ሰጥቼ ገብሱ ከድንበር እስኪመጣ ስድስት ቀን። ስለቅም፣ ስፈትግ፣ ስቆላና ስሸጥ ዘጠኝ ቀን። ይህ ዐሥራ አምስት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ቀን ምንድን ነው? አኺር ሸህር ነው! ቡና ቤቶቹ ቆሎውን ዛሬ ወስደው፣ ዛሬ ሸጠው፣ ለኔ የሚከፍሉት አኺር ሸህር፣ በወር መጨረሻ ነው። ከአርባ አምስት ቀን ውስጥ ሠላሳውን ወረቴ የሚያሳልፈው በሰው መሳቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው፤ ያውም ፓውንዱ በየዕለቱ እየከሳ። ሠላሳውን ካወጣሁት አንድ ዙር ዐሥራ አምስት ቀን ይሆናል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ከሩብ፣ ስምንት ሊሆን ትንሽ የጎደለው፣ ዐሥር ሊሆን ትንሽ የጎደለው፣ ዐሥራ ሁለት! አምስት ዙር። አምስት ጊዜ ዐሥራ አምስት ሰባ አምስት ቀን ነው። ስናደድ ስከርም ሳምንታት ሄደውብኝ፣ ለገና የቀረኝም ከሰባ አምስት ብዙ የማይበልጥ ነበር። ሳንቲም ሳላስገባ፣ ዋጋ ሳልጨምር! ፈለቀ ያሰላው ዕድገቴን አልነበረም፤ የሰው ዱቤ ተሸክሜ ስሳብ ያየውን ነው።

ለዓለምነሽ ሄጄ ነገርኳት። «ከነገ ጀምሮ ቆሎ በጠዋት፣ ገንዘብ በዚያው ቀን ከሰዓት።»

«እትዬ፣ አኺር ሸህር እኮ የአገሩ ወግ ነው» አለችኝ።

«ሠላሳ ዓመት የገዛውም ሰውዬ የአገሩ ወግ ነበር። እነዚህ ሕፃናት በባዶ እጃቸው ጎማ እያቃጠሉ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ጣሉ፤ እኔ ሠላሳ ቀን የተቀመጠ መጣል ያቅተኛል?»

«እሺ፣ ከሰዓት ድረስ ያልተሸጠውስ?»

«እኔ እመልሰዋለሁ። አንቺ የሸጥሽውን ብቻ ትከፍያለሽ።»

ሳቀች። «ታዲያ ይሄ ከአኺር ሸህሩ ለኔም ይሻላል። የነቀዘ ቆሎ የማን ዕዳ እንደሆነ ተጣልተን አናውቅም?» አለች። እሷ ስትገባ ሌሎቹ ተከተሏት። ሁለት ቡና ቤቶች «ተለወጥሽ፣ ነጋዴ ሆንሽ» ብለው ተዉኝ። ሠላሳ ዓመት ምን መስዬአቸው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ቆሎው ሲበዛ ክንዴ አልበዛም፤ ስለዚህ ሁለት ሴቶች በቀን ሒሳብ ቀጠርኩ። ገበያ ከየት አመጣሽ ካላችሁኝ፣ መንግሥት አመጣልኝ። ለዳቦ ሦስት ሰዓት የተሰለፈ ሰው እየተሰለፈ ምን ይበላል? የቤንዚን ሰልፍ ላይ የቆመ የባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ነጂ ምን ይቆረጥማል? ሱዳኑ ለውዝ የበዛበትን ይወዳል፣ የኛ ሰው ሱፍ ያለበትን፤ ሰልፉ ላይ እየተዘዋወርኩ ሁለቱንም አበላሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ የነቢያት ጾም ገባ፤ የጾመ ሰው ከቆሎ ወዴት ይሄዳል?

በሦስተኛው ዙር ላይ ፈተና መጣ። አንድ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ ያለው ሰው የሃያ ጆንያ ቆሎ አዝዝሻለሁ አለኝ፤ ክፍያው ከሰርጉ በኋላ በወሩ። ሁለቱ ሴቶች እልልታ ሊያሰሙ ደረሱ። እኔ ግን ያለኝ ስምንት የማይሞላ ጆንያ ነው። ሃያውን ለመሥራት መበደር ነው፤ ወር ለመጠበቅ ደግሞ መራብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። «ጌታው፣ ሰርጉ የአብርሃም የሣራ ይሁን፤ ሙሽራዋን በዱቤ አይደለም የምትወስዱ፣ ቆሎውንም እንዲሁ አድርጉ» ብዬ መለስኩት። ትልቅ ትዕዛዝ እንደ ትልቅ ጉርሻ ነው። ያጎረሳችሁ ሰው ወዳጅ ነው፤ ያነቃችሁም እሱ ነው።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ። እንደገና ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለተኛው የት ሄደ?

የት እንደሄደ አውቅ ነበር እንጂ፤ ለናንተ ለመናገር ነው ያፈርኩት። ዐማራት ነበረ። የፈለቀ ቢሮ ለእንግዳ የሚሆን ቆሎ በየቀኑ በቆርቆሮ ከኔ ይወስዳል፤ ክፍያውን የሚያወጣው ፈለቀ ራሱ ነው። አኺር ሸህር ይላል፣ ይፈረማል ይላል፣ ሁለት አኺር ሸህር አልፎ ነበር። የዴምን ዱቤ ሁሉ ስገለብጥ የሱን አልነካሁትም። አብዮቱ ዐማራት ጋ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ፣ ልጄ ነው ብዬ። ኋላ፣ ከሳቀብኝ በኋላ፣ ሄጄ ብጠይቀው እውነትም ቸገራት ይላል ብዬ። የኩራት ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ልነግራችሁ እችላለሁ። አንድ ጆንያ ገብስ ነው።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በፊት ሐጃ ዘንድ ሄድኩ። ያቺው የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ፈለቀ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳ አቅፎ፣ ወንበር ላይ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ አስተዳደግ አልጎደለበትም፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መቀነቴን ፈትቼ የሰባት ጆንያ ዋጋ ሐጃ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። ቆጠረች።

«አንድ ይጎድላል፣ አስካለ።»

«ይጎድላል።»

«አላልኩሽም ሐጃ» አለ ፈለቀ በአረብኛ፣ በጨዋ ድምፅ። «ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ራስ ማል የላትም።»

ሐጃ ቀና ብላ አየችኝ። «ያ አስካለ» አለች ቀስ ብላ፣ «ራስ ማልሽ የት ነው?»

ቀኝ እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ።

አሮጊቷ ሳቋ መጣ፤ ያ የባሏ ሳቅ፣ ሠላሳ ዓመት ግድግዳው ውስጥ ተሸሽጎ የቆየ ይመስል። ከላይ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ያን ቀን ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር» አለች፤ ለፈለቀ ነው የምትነግረው። «ሐጁ ሲሞት፣ ከተከራዮቼ ሁሉ ራስ ማል ያላት አንዷ ናት፣ እሷን አታስወጪ ብሎኛል። እኔ ልጆቼን ሰምቼ ልረሳው ነበር። ኺላስ! አለቀ። ክፍሎቹ የሷ ናቸው።»

ፈለቀ ፊቱ ቀላ። ተሸነፈ እንጂ ሒሳቡን አልረሳም፤ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ብድር ነው! ያለ ብድር አድጋለሁ አላሉም ነበር?» አለኝ።

«ብድሩማ አለ» አልኩት። «ሁለት ወር ሙሉ ያንተ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ያኔ በኮምፒውተርህ ሰባት ወር ተኩል ስትለኝ፣ ሠላሳ ቀኑን ከየት አምጥተህ ደመርክ? ከራስህ ወንበር ሥር አይደለም? ወረት የላትም ስትል ወረቴ ላይ ተቀምጠህ ነበር፤ ዱሮ ተኝተህበት፣ ዛሬ ተቀምጠህበት። መቼ ነው ከላዬ የምትነሣ?»

ጉንጩን በእጁ ዳሰሰ፤ የጆንያው መስመር አሁንም ያለ መስሎት እንደሆነ አላውቅም።

ለናንተ ግን እውነቱን ልናገር፤ ሐጃም ፈለቀም አይሰሙንም። ልጁ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ አንዱ የቆሎ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛው የመሐላ ነው። ሰው ያለ ማንም እርዳታ ቆምኩ ሲል መሬቱን አይቆጥርም። ቢሆንም ከዐሥራ ሁለት ዐሥራ አንዱን በገዛ ክንዱ ያመጣ ሰው ካለ ይምጣና ከጎኔ ይቀመጥ፤ ወንበር እሰጠዋለሁ። ክፍልማ አሁን ሁለት አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአዲሱን ክፍል ቁልፍ በማተቤ ላይ አሰርኩና በረክሻ ዐማራት ሄድኩ። ዘበኛው «ያ ሐቦባ፣ ወዴት?» አለኝ። ሐቦባ ማለት አያት ማለት ነው። «ቆሎ ላደርስ» ብዬ ገባሁ። ፈለቀ እንዳየኝ ተነሣ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ እያዩ ተነሣ። መሳቢያውን ከፍቶ ፖስታ ሰጠኝ። የሁለቱ ወር ነው። ከየት እንዳስፈረመው በአንድ ሌሊት እሱ ያውቃል። ለሐጃ የጎደለው አንድ ጆንያ ነውና ሳልቆጥር መቀነቴ ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ የዕለቱን ቆሎ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እጁ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ወደ ደብተሩ ሄደ። ቆርቆሮውን መልሼ ወደ ደረቴ ሳብኩት።

«እትዬ፣ ገንዘብ ያዡ እስኪገባ ነው፤ ጠዋት ሳጥኑ ቁልፍ ነው» አለኝ።

«ራስ ማል» አልኩት።

አየኝ። አየሁት። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየን። ፈለቀ ብዕሩን አስቀምጦ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ አናቱ ላይ ጫነ። በዚህ ጊዜስ «ማል» የሚለው ቃል በቦታው ነበር፤ ለወንድ ነውና።

«እስከ መቼ፣ እትዬ?»

«እስከ ከሰዓት» አልኩት፤ ቆርቆሮውንም ከፈትኩለት።